ዜሮን የሚያነሳው ሰው

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ዜሮ» እያሉ ይጠሩታል። ስድብ አይደለም። የሚሠራበት የስልክ ማዞሪያ የውስጥ ቁጥር ዜሮ ስለነበረ ነው። ከውጭ የሚደውል ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ ከውስጥም የውጭ መስመር የፈለገ ዜሮን ተጭኖ እሱን ይለምናል። ደግ ደጎቹ ባልደረቦቹ «ጋሽ ዜሮ» ይሉታል፤ የቀሩት «ጋሽ»ን ይተዉታል። ስሙን ከነአባቱ የሚያውቁት ሚስቱና የሰው ኃይል ክፍል ብቻ ሲሆኑ፣ የሰው ኃይል ክፍልም ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጽፎታል።

ዓይኑን ያጣው በስድስት ዓመቱ፣ በኩፍኝ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲጠየቅ ነገር አያረዝምም። «መጀመሪያ አሳከከኝ፤ ቀጥሎ ጨለመ» ይላል፤ ከዚያ ጠያቂው ከንፈሩን መጦ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቃል።

በዘጠኝ ዓመቱ አክስቱ እጁን ይዛ ወደ አንድ ትልቅ ግቢ ወሰደችው። ግቢው መጀመሪያ የተሠራው ከመንገድ የታፈሱ ለማኞች ከሰው ዓይን እንዲርቁ ነበር። በኋላ ፖሊሲ ተቀየረና የሕፃናት ማሳደጊያ ሆነ፤ በጎን ደግሞ የዓይነ ስውራን የሙያ ማሠልጠኛ ተጨመረበት። የተቀየረው የበሩ ሰሌዳ ነው፤ የግንቡ ቁመት እንደነበረ ነው። አክስቱ በሩ ላይ «በየአሥራ አምስት ቀኑ እመጣለሁ» አለችው። እዚያ የገባ ልጅ ሁሉ ይህንኑ ሰምቶ ነው የገባው፤ ስለዚህ ሲያወራላቸው ሳቁበት። አክስቱ ግን በአሥራ አምስተኛው ቀን መጣች። በሠላሳኛውም መጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታጓድል ስትመጣ፣ ጓደኞቹ ትንሽ ተቀየሙት።

ማሠልጠኛው የሚያስተምረው ቡርሽ መሥራት ነበር። ዓይነ ስውር ሁሉ ቡርሽ ይሥራ ተብሎ ድሮ በአንድ ቢሮ ተወስኗል፤ ለምን እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ግን አልነበረም። እሱን እጁ አልታዘዝ አለው። መምህሩ አንድ ቀን ሥራውን ዳብሶ ዳብሶ «ልጄ፣ የሰው ቡርሽ ይጠርጋል፤ ያንተ ግን ይዘራል» አለው።

ያዳነው አዲስ ፖሊሲ ነው። «አካል ጉዳተኞች ከበጎ አድራጎት ወደ መደበኛ ሥራ» የሚል መመሪያ ወጣ፤ ከመመሪያው ጋርም አንድ ያገለገለ የስልክ ማዞሪያ ለመለማመጃ መጣ። ፈታኙ ሃያ ቁጥር ጠርቶ እንዲደግሙለት አዘዘ። እሱ ሃያውንም ደገመ፤ ከዚያ ፈታኙ ዝም ሲል ያላለቀ መስሎት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ደገማቸው። በወሩ ተቀጠረ። የቀጠረውም ራሱ መመሪያውን ያወጣው የበጎ አድራጎት መሥሪያ ቤት ነው፤ «ለሌሎች አርአያ እንሁን» ብለው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንግዳ በመጣ ቁጥር አለቆቹ እሱን ሊያሳዩ ወደ ክፍሉ ያመጡ ነበር። እንግዶቹ በሩ ላይ ቆመው ስለ እሱ ያወራሉ፤ እሱ ስልክ ያዞራል።

«ይሰማናል?» ብላ አንዷ ጠየቀች።

«የተቀጠርኩት ለዚሁ ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ቀነሰ።

የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ምክንያቱም ስሙ በተቀየረ ቁጥር አዲሱን ስም በቀን ሁለት መቶ ጊዜ መጥራት የእሱ ዕጣ ነበር። ሲቀጠር «የበጎ አድራጎት ክፍል፣ ጤና ይስጥልኝ» ይል ነበር። ከዚያ «የማኅበራዊ ደኅንነት ጽሕፈት ቤት» ሆነ። ቀጥሎ «የማኅበራዊ ጉዳዮችና የመልሶ ማቋቋም መምሪያ» ተባለ። በመጨረሻ «የማኅበራዊ ጥበቃ፣ የቤተሰብና የማኅበረሰብ ተሳትፎ ማስተባበሪያ ዋና ዳይሬክቶሬት» ሲሆን፣ ደዋዮች እሱ ስሙን ሳይጨርስ ተስፋ ቆርጠው መዝጋት ጀመሩ። በራሱ ሥልጣን ስሙን ትቶ «አቤት» አለ። ማንም አልከሰሰውም። የሚደውሉት ሰዎች ስምም እንዲሁ ይቀያየር ነበር፤ አንድ ሰሞን «ችግረኞች»፣ ከዚያ «ተረጂዎች»፣ ከዚያ «ተገልጋዮች»፣ አሁን ደግሞ «ባለመብቶች» ናቸው። እነሱ ግን ሁልጊዜ «እኔ ነኝ» እያሉ ነው የሚደውሉት።

በገባ በዓመቱ አንድ ነገር አስተዋለ። ያዞረው ሰው ተመልሶ ይመጣል። ጠዋት ወደ ክፍል ስድስት የላካት ሴት ከቀትር በፊት ከክፍል ዘጠኝ ተባርራ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብላ እሱው ጆሮ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ የብረት ሰሌዳውንና መውጊያውን ከቤት አመጣ፤ በየጥሪው መካከል በወፍራም ወረቀት ላይ በብሬል ይወጋ ጀመር። ቀን፣ ማን ደወለ፣ ምን ፈለገ፣ ወዴት አዞርኩት፣ ምን ተባለ፣ መልሶ የሚገኝበት ስልክ። ወረቀቱ ሲሞላ በብስኩት ካርቶን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ይህን ያዘዘው የለም፤ የጠየቀውም የለም። ካርቶኖቹን ያየ ሰው ብስኩት ይወዳል ይል ነበር።

ሚስቱንም ያገኘው በዚሁ መስመር ነው። ልብስ ሰፊ ናት። መራመድ ለማይችል ወንድሟ ዊልቸር ለማግኘት አሥራ አንድ ሳምንት በተከታታይ ደውላለች፤ ከድምፅዋ ኋላ የስፌት መኪናዋ ይሰማል፤ ስትናደድ መኪናው ይፈጥናል። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ደወለች።

«ዊልቸሩ አልደረሰም እንዴ?» አላት።

«ደርሷል።»

«ጎማው አስቸገረ?»

«ኧረ ይሽከረከራል።»

«ታዲያ ወዴት ላዙርዎት?»

መኪናው ቆመ። «ዛሬ የትም አታዙረኝ» አለችው።

በዓመቱ ተጋቡ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይህን ሲሰሙ «ቢያንስ አንድ ባለ ጉዳይ መልስ አገኘ» አሉ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሁለት ቴክኒሺያኖች መጥተው ማዞሪያውን ነቀሉና በምትኩ አንድ ድምፅ ተከሉ። ድምፁ የሴት ነው፤ ደስ ይላል። «ለአረጋውያን ጉዳይ አንድን፣ ለሕፃናት ጉዳይ ሁለትን» እያለ ይሄድና «ምርጫዎን ካላወቁ ዘጠኝን ይጫኑ» ይላል። ዘጠኝን የተጫነ ሰው እንደገና ከአንድ ይጀምርለታል። እሱን ማባረር አልተቻለም፤ ራሳቸው ያወጡት መመሪያ ይከለክላቸዋል። ስለዚህ «ሥራው ወደፊት የሚገለጽ ባለሙያ» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶት፣ ጠረጴዛው ከነብስኩት ካርቶኖቹ በመዝገብ ቤቱና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል ባለው ኮሪደር ተቀመጠ። ስምንት ወር ሙሉ የሚጠየቀው መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነበር። ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ባለ ጉዳይ አንድም ቀን ሳይመላለስ የሚስተናገደው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

በዘጠነኛው ወር አንዲት ወጣት ተመራማሪ ከዩኒቨርሲቲ መጣች። የአገልግሎቱን የሃምሳ ዓመት ታሪክ ልታጠና ነው፤ ማን እርዳታ አገኘ፣ በምን ሕግ አገኘ፣ ሕጉ ሲቀየር ሰው ምን ሆነ የሚል። ኃላፊው በደስታ ተቀብሎ ወደ መዝገብ ቤት ላካት። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ስለሆነ ከዓመታት በፊት ውሃ ገብቶበታል፤ ዶሴዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንደ ጡብ ሆነዋል። የተረፉት የዓመት ሪፖርቶች ናቸው። በኮሪደሩ ሌላ ጠረጴዛ ስላልነበረ ሪፖርቶቹን ይዛ እሱ ጠረጴዛ ጥግ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ገጽ ስትገልጥና ስትተነፍስ ሰማት።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ?» አላት በአራተኛው ቀን።

«ሰው ነው የጠፋብኝ ጋሼ። ሃያ ሁለት ዓመት ሪፖርት አነበብኩ፤ በየዓመቱ አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል። አንድም ሰው ግን የለበትም። ለምሳሌ ልጆች ከማሳደጊያ ወጥተው ቤተሰብ ውስጥ ይደጉ የተባለበት ዓመት አለ። ትልቅ ለውጥ ነው። ሪፖርቱ ‹ዘጠና ሕፃናት ተመድበዋል› ብሎ ያልፋል።»

«በዚያ ዓመት ስልኩ ሁለት ወር ሙሉ አላረፈም» አላት።

«እንዴት ያስታውሱታል?»

ጎንበስ ብሎ አንድ ካርቶን ሳበ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተገለጸ። እሱ በጣቱ ያነባል፤ እሷ ትጽፋለች። ሪፖርቱ «የአረጋውያን ድጋፍ ተሻሻለ» ባለበት ወር፣ ካርቶኑ ውስጥ ባለው ወረቀት አንድ ሽማግሌ በሕይወት መኖራቸውን የሚያስረዳ ወረቀት አምጡ ተብለው ራሳቸው ሰባት ጊዜ ደውለዋል። «በሕይወት ከሌሉ ማን ነው የሚደውለው?» ብሎ ዜሮ ክፍል አራትን ጠይቆላቸዋል፤ ክፍል አራት «የድምፅ ማስረጃ አንቀበልም» ብሏል። ተመራማሪዋ መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ሳቋ እያጠረ ሄደ።

በሁለተኛው ወር የማሳደጊያውን ዓመት ጀመሩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በመስመሩ መካከል ጣቱ ቆመ።

«ጨረሱ?» አለች።

አልጨረሰም። ጣቱ የቆመበትን ያውቀዋል። መዝለል ይችላል፤ እሷ ብሬል አታነብም፤ በዓለም ላይ ያንን መስመር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ደግሞም ነገሩ እሱን ብቻ የሚነካ አልነበረም። ወረቀቱን ወደ ካርቶኑ መለሰና «ነገ» አላት።

ያን ምሽት ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ክር በጥርሷ በጥሳ «አንብበው» አለች። «ሰው የጻፈውን ማንበብ ከፈራ መጀመሪያ ለምን ይጽፋል?»

በማግስቱ አነበበ። «የማሳደጊያዋ ልጅ እናት። አምስተኛ ጊዜዋ ነው። ወደ 14 አዞርኳት። 14 ውስጥ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ሳንባዋን ታማ ሰባት ወር ሆስፒታል ተኝታለች። ስትገባ የአምስት ዓመት ልጇን ማሳደጊያ አስቀምጣ «ስድን እመጣለሁ» ብላለች። በመካከሉ መመሪያው መጣ። ዘጠና ልጆች በሁለት ወር ተመድበው ዜሮ ያደገበት ግቢ እንዲዘጋ ታዘዘ፤ ለዚያም የተሰጠው አንድ መኪናና አንድ ወጣት ሠራተኛ ነው፤ ክፍል 14። ሰባት ወር ያልተጠየቀች ልጅ «ጠያቂ የላትም» ተብላ ተመዘገበች፤ ለደግ ሰዎችም ተሰጠች። እናትየው ድና ስትወጣ ግቢው ተዘግቷል። ያላት አንድ ስልክ ቁጥር ነው። የጊዜው አለቃ ለዜሮ «ስለተመደቡ ልጆች የሚጠይቅ ሁሉ ወደ 14» አለው። 14 ደግሞ በየገጠሩ ልጅ እያከፋፈለ ነው። ዜሮ ትእዛዝ አከበረ። ስድስት ጊዜ አዞራት። ስልኩ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲጮህ በግድግዳው በኩል ይሰማው ነበር። ከስድስተኛው በኋላ አልደወለችም።

ተመራማሪዋ መጻፏን አቆመች። «ክፍል 14 ማን ነበር ጋሼ?»

«አሁን ያለው ኃላፊያችን።»

«እናትየው ስልክ ትታ ነበር?» አለች።

ትታለች፤ የጎረቤት ሱቅ ቁጥር። ከዚያ ወዲህ በቁጥሮች ሁሉ ፊት ሁለት አሃዝ ተጨምሯል። ጨመረና ደወለ። ሱቁ አለ። ባለ ሱቁ «ቆይ ትጠራልሃለች» አለ፤ ከዚያ ነጠላ ጫማ ሲጎተት ተሰማ።

«አቤት?»

«እህቴ፣ ከማኅበራዊ ደኅንነት ነው የምደውለው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት…»

«ቆይ ቆይ» አለች። «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንተ ነህ ያ የሚያዞረኝ?»

«እኔ ነኝ።»

«አናቴን እስኪያዞረኝ ነው እኮ ያዞርከኝ! ዛሬስ ወዴት ልታዞረኝ ነው?»

«የትም። ክፍሉ ባዶ እንደሆነ እያወቅኩ ነበር የማዞርዎት። ያንን ልነግርዎት ነው የደወልኩት።»

የሱቁ በርጩማ ሲሳብ ተሰማ፤ ተቀመጠች።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «ስለዚህ ስልኩን ተውኩና በእግሬ ዞርኩ። ሦስት ዓመት፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት። በረፍት ሰዓት አጥር ላይ ቆሜ የልጅ ፊት ስፈልግ እብድ ነው ያሉኝ። አገኘኋት። ያሳደጓት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሁለታችንንም እናት እያለች አደገች። አሁን የመድኃኒት ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።»

«እግዜር ይመስገን።»

«ይመስገን። ግን አንድ ነገር አለ። ሳንባዬ ተመልሶብኛል። የልጄ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን እናትና አባት ያሳክማል። እኔ ደግሞ በወረቀት እናቷ አይደለሁም፤ ጠያቂ የላትም ተብላ ነው የተጻፈችው። እንግዲህ ማዞርህ ካልቀረ፣ ይህን አዙርልኝ።»

በማግስቱ ዜሮ ነጭ በትሩንና ስድስቱ ጥሪዎች የተጻፉባቸውን ወረቀቶች ይዞ የሕግ ክፍል ገባ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ የሕግ ባለሙያው።

«ማስረጃ።»

«ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«ምስክሩስ?»

«እሱም እኔው።»

የሕግ ባለሙያው በአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎቱ እንዲህ የተሟላ ጉዳይ አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ ወደ ኃላፊው መራው። መራው ማለት አዞረው ማለት ነው።

ኃላፊው ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ተመራማሪዋን ጠርቶ ያ ገጽ ከጥናቱ ቢወጣ መልካም እንደሆነ ነገራት። እሷ ግን ያላትን ማስረጃ ይዛ መጣች፤ ከሆስፒታሉ እናትየው የገባችበትንና የወጣችበትን ቀን አፈላልጋ አግኝታለች። እናትየው ስትደውል ተናግራ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ጋር ቀን በቀን ይገጥማል። የቀረው ብሬሉን ገለልተኛ ሰው ማንበቡ ነው። ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንድ መምህር ተጠሩ፤ ስለ ነገሩ ምንም አልተነገራቸውም። በኃላፊው ቢሮ ተቀምጠው ስድስቱንም ጥሪ ጮክ ብለው፣ የቃል ጽሕፈት እንደሚያስጽፉ ሁሉ ቀስ እያሉ አነበቡ። «14 ውስጥ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ» የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ ዳበሱት፤ ያሳሳታቸው መስሏቸው።

የኃላፊው ወንበር ተንቋቋ።

«መስክ ላይ ነበርኩ» አለ።

«አውቃለሁ ጌታዬ» አለ ዜሮ። «ያኔም አውቅ ነበር።»

«ዘጠና ልጅ፣ አንድ መኪና። አብዛኞቹ እኮ ደህና ቤት ነው የገቡት። ግንብ ውስጥ ከሚያድጉ…»

«እኔ ግንብ ውስጥ ነው ያደግኩት። ፖሊሲው ልክ ነበር» አለ ዜሮ። «ስልኩን የሚያነሳ ነው ያልነበረው።»

ኃላፊው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤውን ራሱ ጻፈው፤ ከጥናቱም ገጹ እንዳይወጣ ለተመራማሪዋ ነገራት፤ የክፍሉን ቁጥር ብቻ እንድትሰርዝለት ለመናት። እሷ ግን አልሰረዘችውም። ጥናቱ ሲታተም ሦስት መቶ ገጽ ሆነ፤ ዜሮ በግርጌ ማስታወሻ ላይ «መረጃ ሰጪ፣ ወንድ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት» ተብሎ ተጠቅሷል። ሚስቱ አስነብባ ከሰማች በኋላ «ወንድ መሆንህን በትክክል ጽፈዋል» አለች።

የመዝገብ ማስተካከያው ሦስት ክፍል ያስኬድ ነበር። ዜሮ በስልክ አላደረገውም፤ እናትየውንና ልጅቱን በር ላይ ተቀብሎ አብሯቸው ሄደ። የመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው መራቸው። ሁለተኛው ፎቶ አነሰ አለ፤ ልጅቱ ከቦርሳዋ አወጣች። ሦስተኛው ክፍል ያለችው ሠራተኛ ደብዳቤውን ገልብጣ አይታ «ማኅተሙን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገ ኑ» አለች። ዜሮ በበትሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። እናትየዋም ተቀመጠችና ሳል ጀመራት። ልጅቱ መስኮቱን ከፈተች።

«ነገ አልኳችሁ እኮ» አለች ሠራተኛዋ።

«ሰምተናል» አለ ዜሮ። «እዚሁ እንጠብቀዋለን።»

ሠራተኛዋ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። የመሥሪያ ቤቱ መዝጊያ ሰዓት ገና አራት ሰዓት ይቀረዋል። እናትየዋ ሁለተኛውን ሳል ስትጀምር ሠራተኛዋ ተነስታ ወጣች፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ማኅተሙን ከሰውየው ጋር ይዛ ተመለሰች።

እየጠበቁ ሳለ ልጅቱ ወደ እሱ ዞር ብላ «እናቴ ነገረችኝ፤ እኔም እኮ እርስዎ ያደጉበት ግቢ ነበርኩ። ያኔ ያውቁኝ ነበር?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«አላውቅሽም» አላት። «አንቺ ደውለሽ አታውቂም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም በአንድ አውቶቡስ ወደ ልጅቱ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ የእናትየዋም ስም ተመዘገበ። የሳንባ ሐኪም ቀጠሮ የተሰጣት ለሚቀጥለው ማክሰኞ ነበር። ማክሰኞ ሄደች፤ ሐኪሙም ነበር።